የጋሽ አበጋዝ ክንድ

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ ሐያት ከደሴ መጣች። ኮሌጅ ከገባች ገና ሁለት ወሯ ነው። ከሚኒባስ ወርዳ በባጃጅ እደጃችን እንደ ደረሰች፣ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ቦርሳዋን ከፍታ አንድ ጥራዝ አወጣች። ሽፋኑ ላይ «የተግባራዊ ሒሳብ መግቢያ» ይላል። እኔ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ማንጎ እየላጥኩ ነበር።

«አባባ፣ አንተ አናጢ አልነበርክ? አንድ ክንድ ስንት ሳንቲ ሜትር ነው?» አለችኝ።

«የማን ክንድ?» አልኳት።

የቀለድኩ መስሏት ሳቀች። «ሀ አርባ፣ ለ ሃምሳ፣ ሐ ስድሳ ነው የሚለው። የማን የሚል ምርጫ የለውም።»

ማንጎውን ሳህኑ ላይ አስቀመጥኩና እጄን ጠረግኩ። ሽፋኑ ላይ ያለው በወጣትነቴ የተማርኩት ኮርስ ስም ነው። ስለዚያ ኮርስ ባሰብኩ ቁጥር እንዲሁ ነው። መጀመሪያ ፍርሃቱ ይመጣል፣ ተከትሎት ዕፎይታው።

እኔ ስለ ራሴ ማውራት አልጠላም፤ ሰውም ያውቅልኛል። ከሐይቅ እስከ ውጫሌ በእኔ እጅ የተከደነውን ቆርቆሮ ቤት ቆጥሬ አልዘልቀውም። የትምህርት ቤት ደጃፍ ሳልረግጥ ነው ፊደል የለየሁት። ያደግኩበት ቤት ግድግዳ በጋዜጣ የተለበጠ ነበር፤ በመኝታዬ በኩል ያለውን መጀመሪያ በዓይኔ፣ ቀጥሎ በጣቴ፣ በመጨረሻ በአፌ ለቀምኩት። አንዳንዱ ገጽ ተዘቅዝቆ ስለ ተለጠፈ ዛሬም የተገለበጠ ጽሑፍ ሳልቸገር አነባለሁ። ማባዛትን ደግሞ ደብተር ጀርባ ላይ ከሚታተመው ሠንጠረዥ በቃሌ ያዝኩት። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም፤ ለጉራ ቢሆንም እውነት ነው።

ይሁንና በሃያ አራት ዓመቴ፣ አንድ ክረምት ላይ፣ ለስድስት ሳምንት የኮሌጅ ተማሪ ሆኜ ነበር። ከስድስቱ ሳምንት ሁለቱን በወጉ እንቅልፍ አልተኛሁም።

ነገሩ የሚጀምረው ከጋሽ አበጋዝ ነው። ጋሽ አበጋዝ አናጢ ነበር፤ መስጊድም ቤተ ክርስቲያንም የከደነ፣ ሁለቱም ወገን የኛ ነው የሚለው ሰው። ሙያውን አስተማረኝ አልልም። እሱ አያስተምርም ነበር፤ ዝም ብሎ ይሠራል፣ እኔ አጠገቡ ቆሜ እሰርቃለሁ። በጣም ረዥም ሰው ነበር። በየደረሰበት በር ሁሉ ጎንበስ ብሎ ነው የሚገባው፤ ራሱ በሠራቸው በሮች እንኳ፣ ለባለቤቶቹ ቁመት ስለሚሠራቸው፣ አጎንብሶ ይገባ ነበር። ሜትር ይዞ አያውቅም። የሁለት ክንድ ርዝመት ያላት፣ መካከሏ ላይ በቢላ ምልክት የተደረገባት የወይራ ዱላ ነበረችው። ቤት የሚለካው በእሷ ነው። «ለዐሥራ ሦስት ክንድ ቤት ስምንት ክንድ ወራጅ» ይል ነበር፤ ሌላ ማብራሪያ የለም። ወራጅ የምንለው ከጣሪያው አናት ተነሥቶ ወደ ግድግዳው ዘንበል ብሎ የሚወርደውን፣ ቆርቆሮውን የሚሸከመውን እንጨት ነው። በጥቅምት ታሞ በኅዳር ሞተ። ዱላዋን ለእኔ እንዲሰጡኝ ተናዞ ነበር።

በዚያው ዓመት ከውጫሌ ሽቅብ፣ ግማሽ ቀን በእግር የሚያስኬድ አንድ የአምባሰል መንደር ትምህርት ቤት ልሥራ ብሎ ተነሣ። ልጆቹ ዋንዛ ሥር ነበር የሚማሩት፤ ዝናብ ሲመጣ ትምህርቱ ይበተናል። ውጫሌ ያለው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ቆርቆሮውንና ፕላኑን ሰጠ። እንጨቱን መንደሩ አዋጣ። ሁሉም ከጓሮው ባሕር ዛፍ እየቆረጠ በደቦ፣ በትከሻው ተሸክሞ አመጣ። እትዬ ዘሐራ የሚባሉ ባልቴት ለራሳቸው ቤት ማደሻ ያቆዩአቸውን ሦስት ረዣዥም ዛፎች ሰጡ። «የኔ ቤት አንድ ክረምት ይታገሠኛል፤ እነዚህ ልጆች ግን ዝናብ ሲመጣ እየሮጡ አደጉ እኮ» ነው ያሉት። የመሥሪያ ቤቱ ሰው መሠረቱን በሜትር ለክቶ፣ ወርዱን ሰባት ሜትር አድርጎ አስጀመረ። ይመር የሚባል የዕድሜ እኩያዬ ግንበኛ ግድግዳውን በድንጋይና በጭቃ አነሣው። የእኔ ፈንታ ጣሪያው ነበር።

የቤቱን ወርድ በጋሽ አበጋዝ ዱላ ለካሁት፤ ዐሥራ ሦስት ክንድ ሆነ። አላመነታሁም። መካከለኛዎቹን ምሰሶዎች አቆምኩ፣ አርባ ሁለት ወራጆች ስምንት ስምንት ክንድ አድርጌ ቆረጥኩ፣ እንዲደርቁም ከእትዬ ዘሐራ ቤት ጎን ዳስ ሥር ከመርኳቸው። ዱላዋን እዚያው ትቻት ወረድኩ። መስከረም ላይ ተመልሼ ልከድን ነው።

ውጫሌ ስደርስ ከመሥሪያ ቤቱ ሌላ ነገር ጠበቀኝ። ሥራ የሚመራ ሰው ሁሉ አንድ ኮሌጅ ክረምቱን ሐይቅ ላይ የሚሰጠውን የተግባራዊ ሒሳብ መግቢያ መጨረስ አለበት ተባለ። ይመርም አብሮኝ ነበር።

«ምን ይጨምሩልኛል?» አልኩ እዚያው በረንዳው ላይ። «እኔ ነኝ የማስተምራቸው።»

ይመር ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜን ትቶ «ፕሮፌሰር» ይለኝ ገባ።

ሐይቅ በክረምት ምን እንደምትመስል ያየ ያውቃል። ጧት ጧት ጉሙ ውኃው ላይ ተኝቶ ወዲያ ማዶ አይታይም። ወደ ወልድያ የሚያልፈው የጭነት መኪና ጭቃውን እስከ ሱቆቹ በር ይረጨዋል። እኔና ይመር አንድ ክፍል ተከራይተን፣ ጧት በሶ እየበጠበጥን፣ ከሰዓት በኋላ ከትምህርት ስንወጣ ዋናው መንገድ ዳር ካለች ሻይ ቤት ከሐይቁ የወጣ ዓሣ ተጠብሶ በዳጣ እንበላ ነበር። ሠላሳ አንድ ተማሪዎች ነበርን፤ ግንበኛ፣ አናጢ፣ የውኃ ሠራተኛ፣ አንድ ልብስ ሰፊ ዲያቆን ሁሉ ነበረበት። አንድ ቀን የቀረ ይሰረዛል። የምንማርበት አዳራሽ ክዳኑ ቆርቆሮ ስለ ነበር ዝናቡ ሲበረታ የመምህሯ ድምፅ አይሰማም፤ ዝም ትልና ሰሌዳው ላይ ትጽፋለች።

መምህራችን አልማዝ ትባላለች። ከእኔ ብዙ ባትበልጥም መምህር ናትና አንቱ ነበር የምላት። ቀጭን፣ ሳቅ የማታበዛ፣ ጠመኔዋን በመሐረብ ጠቅልላ የምትይዝ ሴት ነበረች።

የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሳምንታት ደረቴን ነፍቼ ነው የተማርኩት። ክፍልፋዩም መቶኛውም ከደብተር ጀርባ ሠንጠረዥ ዘመዶች ናቸው፤ ቶሎ ተግባባን። በአራተኛው ሳምንት መምህርት አልማዝ ሰሌዳው ላይ ባለ ቀጥ ማዕዘን ሦስት ጎን ሣለች። እጄን አወጣሁ።

«ይህን እኛ በገመድ ነው የምናውቀው» አልኩ።

«አሳየን እስቲ።»

ገመድ አስመጣሁ። በእኩል ርቀት ዐሥራ ሁለት ቦታ ቋጠርኩት፤ ሦስት፣ አራት፣ አምስት አድርጌ በሰው አስይዤ ዘረጋሁት። ማዕዘኑ ቀጥ አለ። አላበቃሁም፤ ገመዱን ወስጄ የአዳራሹን ጥግ ለካሁበት። የአዳራሹ ጥግ ጠማማ ሆኖ ተገኘ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

«ይህን አዳራሽ የሠራው ሰው እዚህ ካለ ድምፁን አያሰማ» አለች መምህርት አልማዝ። ሳቅ ስትል ያየኋት ያን ጊዜ ነው። ቀጥላ ግን እንዲህ አለች፦ «ገመድህ የሚያውቀው ሦስት፣ አራት፣ አምስትን ነው። ቤትህ ሌላ ቁጥር ይዞ ቢመጣስ?»

ለዚያም መላ እንዳለው አሳየችን። ሁለቱን ጎኖች እያንዳንዳቸውን በራሳቸው አባዝቶ መደመር፣ ከዚያ የድምሩን ሥር መፈለግ ነው። ለኮርሱ ማብቂያም እያንዳንዳችን ከገዛ ሥራችን አንድ ነገር አስልተን በመጨረሻው ቀን ሰሌዳው ላይ እንድናቀርብ አዘዘች። የሚያልፈውና የሚወድቀው በዚያ ነው።

የእኔ ገና ዱሮ አልቋል ብዬ ሻይ ቤት ገብቼ ዓሣዬን አዘዝኩና ደብተሬን ዘረጋሁ። በፕላኑ የትምህርት ቤቱ ግማሽ ወርድ ሦስት ሜትር ተኩል ነው። መካከለኛው ምሰሶ ከግድግዳው በላይ ሁለት ሜትር ይወጣል። ሦስት ተኩል በራሱ ሲባዛ ዐሥራ ሁለት ከሩብ፤ ሁለት በራሱ አራት፤ ድምሩ ዐሥራ ስድስት ከሩብ። ሥሩን ስፈልገው አራት ሜትር ከሦስት ሳንቲ ሜትር መጣ። ወራጁ ከአናት ተነሥቶ ግድግዳው ላይ ለመድረስ ብቻ ይህን ያህል ይፈልጋል ማለት ነው። ከዚያ ጥራዛችን መጨረሻ ላይ ያለውን የመለኪያ ሠንጠረዥ አየሁ። አንድ ክንድ፣ ግማሽ ሜትር ይላል። ስምንት ክንድ እንግዲህ አራት ሜትር ነው።

ደግሜ አሰላሁት። ያው ነው። ወራጆቼ ሦስት ሳንቲ ሜትር ያጥራሉ። ግድግዳው ላይ መቀመጥ ቀርቶ አይነኩትም፤ ዝናቡን ከግድግዳው ለማራቅ ወደ ውጭ የሚወጣው ክፈፍማ ከየት ይመጣል። የጭቃ ግድግዳ ያለ ክፈፍ ሁለት ክረምት አይሻገርም።

«ፕሮፌሰር፣ የዓሣውን አጥንት ቆጥረህ እስክትጨርስ ሊበሰብስ ነው» አለ ይመር።

አርባ ሁለት ወራጆች። የመንደሩ ባሕር ዛፍ ተመናምኗል፤ ሌላ ይህን ያህል ቁመት ያለው እንጨት ለማግኘት ዓመታት መጠበቅ ነው። የእትዬ ዘሐራ ሦስት ዛፎች ታዩኝ። እኚህ ሴት ቤታቸው ክረምቱን ሙሉ እያፈሰሰ የእኔን ጣሪያ እየጠበቁ ናቸው።

በማግስቱ ማንም ሳይመጣ አዳራሹ ገብቼ የሰሌዳውን የሜትር እንጨት ከክንዴ ጋር አስተካከልኩት። ከክርኔ እስከ መካከለኛው ጣቴ ጫፍ አርባ ዘጠኝ ሳንቲ ሜትር ሆነ። ጭራሽ በየክንዱ ሌላ አንድ ሳንቲም ጎደለብኝ።

አንባቢ እዚህ ላይ፣ ሄደህ እንጨቱን በሜትር አትለካውም ወይ ይለኛል። ከውጫሌ ወደ መንደሩ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው ወንዝ በሐምሌና በነሐሴ ሰው አያሻግርም፤ ብሻገርም አንድ ቀን መቅረት ከኮርሱ ያሰርዘኛል። ዱላዋ ደግሞ ከእንጨቱ ጋር ናት። ስለ ዱላዋ ግን አልተጠራጠርኩም። ክንድ ክንድ ነው፤ የታተመ ነገር ደግሞ ግማሽ ሜትር ነው ብሏል። በራሱ የተማረ ሰው ጠባይ ይህ ነው፤ ሰውን አያምንም፣ የታተመን ነገር ግን ከመጠን በላይ ያምናል። ከግድግዳ ላይ ጋዜጣ እየለቀመ ያደገ ሰው ጋዜጣ ይሳሳታል ብሎ አያስብም።

ስድስት ቀን በሆዴ ይዤ ቆየሁና ለይመር ነገርኩት። ይሥቅብኛል ብዬ ነበር፤ አልሣቀም። ጋቢውን ተከናንቦ አጠገቤ ተቀመጠ።

«ቀጥለን ብንቸነክራቸውስ?» አለ።

«የተቀጠለ ወራጅ የአምባሰልን ነፋስ ይችላል?»

«አይችልም። እንግዲያ ሰሌዳው ላይ ሌላ ነገር አቅርብ። በር ሠራሁ በል፣ መስኮት ሠራሁ በል። የምስክር ወረቀትህን ያዝ፤ የጣሪያውን መስከረም ላይ ጀሊሉ ያውቃል። አብሽር፣ አይዞህ።»

ምክሩ መጥፎ አልነበረም። የበር ሒሳብ ሠራሁ። የሚያምር ሒሳብ ነበር፣ አንድም ስሕተት የለውም። ሳነበው ግን በእያንዳንዱ መስመር እትዬ ዘሐራ ከዛፎቻቸው ሥር ቆመው መጥረቢያዬን ሲያዩ ይታየኛል። ያለ ወረቀት ብቀር ሥራውን ሌላ ሰው ይመራዋል፤ እኔ ቀን ሠራተኛ እሆናለሁ። ወረቀቱን ደብቄ ብይዝ ደግሞ መንደሩ መስከረምን ተስፋ አድርጎ ይከርማል፤ አስቀድሞ ቢያውቅ ሌላ መላ ይፈልግ ነበር። እኔ ጉረኛ ነኝ፤ ሌባ ግን አይደለሁም። ጉራ ሌላ ነው።

የመጨረሻው ቀን የነሐሴ ማብቂያ ነበር። ዝናቡ ጋብ ብሎ፣ ሐይቁ ላይ ፀሐይ ወጥታ፣ መንገድ ዳር እሸት በቆሎ መጠበስ ጀምሯል። ይመር የመሠረት ድንጋይ ሒሳቡን አቅርቦ በጭብጨባ ወረደ። ስሜ ተጠራ። የበሩ ሒሳብ በቀኝ ኪሴ ነበር። በግራ ኪሴ ያለውን አወጣሁ።

ሦስት ጎኑን ሣልኩ። ሦስት ተኩል፣ ሁለት፣ አራት ከሦስት ሳንቲም። ከጎኑ «የተቆረጠው ወራጅ ስምንት ክንድ፣ አራት ሜትር» ብዬ ጻፍኩ።

«ሒሳቡ ልክ ነው» አልኩ ወደ ክፍሉ ዞሬ። «ልክ ያልሆንኩት እኔ ነኝ። እንጨቱን ይህን ሳልማር ቆረጥኩት። አርባ ሁለቱም አጭር ናቸው። እንጨቱ የእኔ አይደለም፣ የመንደር ነው።»

ከገመዱ ቀን ጀምሮ የሚያፌዝብኝ ያ ልብስ ሰፊ ዲያቆን እንኳ ጫማውን ያይ ነበር።

መምህርት አልማዝ ወደ ሰሌዳው ቀረበች። «ስምንት ክንድ መሆኑን በምን ለካኸው?»

«በሟች አለቃዬ ዱላ። የወይራ ናት፣ የሁለት ክንድ።»

«ግድግዳውንስ ለክተኸዋል?»

«ለክቻለሁ። ዐሥራ ሦስት ክንድ ነው።»

«በዚያችው ዱላ?»

«በዚያችው።»

«ፕላኑ ግድግዳው ስንት ሜትር ነው ይላል?»

«ሰባት።»

ጠመኔዋን ከመሐረቡ ፈታ ሰጠችኝ። «አንድ ክንድ ግማሽ ሜትር ከሆነ ዐሥራ ሦስቱ ስንት ይሆናል?»

«ስድስት ተኩል» አልኩና ቀጥ አልኩ።

«ግድግዳው ግን ሰባት ነው። እንግዲህ የዱላህን ክንድ ራስህ አውጣው።»

ሰባትን ለዐሥራ ሦስት አካፈልኩ። ሁለቴ አጥፍቼ ጻፍኩት። ሃምሳ ሦስት ሳንቲ ሜትር ከስምንት ሚሊ መጣ። በስምንት አባዛሁት። አራት ሜትር ከሠላሳ።

ሰሌዳውን ትክ ብዬ አየሁት። ሦስት ሳንቲም ያጠረው ወራጅ ከግድግዳው አልፎ ሃያ ሰባት ሳንቲም ወጣ፤ ለክፈፍ የሚሆን አንድ ስንዝር ከምናምን። ለሁለት ሳምንት ሁለቱን ቁጥሮች፣ ዐሥራ ሦስቱንና ሰባቱን፣ በአንድ ኪስ ይዤ ስዞር አንድም ቀን አጠገብ ለአጠገብ አላስቀመጥኳቸውም ነበር።

«ሰውየው ረዥም ነበር እንዴ?» አለች መምህርት አልማዝ።

«በር ሁሉ ያጥረው ነበር» አልኩ።

ይመር ከኋላ፣ «ግድግዳውን የገነባሁት እኔ ነኝ፣ ፕሮፌሰር፤ ሰባት ሜትር ነው። ሻይ ቤቱ ውስጥ ብትጠይቀኝ ዓሣህ ሳይቀዘቅዝ እነግርህ ነበር» አለ። ያን ጊዜ ክፍሉ ሣቀ፤ እኔም ሣቅኩ፤ ዓይኔም ውኃ ቋጥሮ ነበር።

መምህርት አልማዝ ግን የሰውን ደስታ ዝም ብላ የምታይ ሴት አልነበረችም። «ይህ ገና ወረቀት ነው» አለች። «እንጨቱ ዘንድ ሂድና ሜትር ዘርጋበት።» የኮሌጁን ሜትር ራሷ አዋሰችኝ።

በማግስቱ ከይመር ጋር በጭነት መኪና እስከ ውጫሌ ሄደን በእግር ሽቅብ ወጣን። ወንዙ ጎድሎ እስከ ጉልበታችን ነበር። አደይ አበባው ገና አልፈነዳም፤ ባቄላው ግን አብቦ መንገዱን ሁሉ በሽታው ሞልቶታል። ሰሌዳው ላይ ያመንኩትን ነገር ዳገቱ ላይ መጠራጠር ጀመርኩ። ግድግዳውን ስለካ ዱላዋ አንሸራትታኝ ቢሆንስ? ቆጠራ ስቼ ቢሆንስ? ይመር በየቁልቁለቱ «ሰባት ለዐሥራ ሦስት» እያለ ያንጎራጉርብኝ ነበር፤ የአምባሰልን ዜማ በዚያ ግጥም የዘፈነ ሌላ ሰው ያለ አይመስለኝም።

እትዬ ዘሐራ ደጃፋቸው ላይ በቆሎ ይፈለፍሉ ነበር።

«ዱላዋስ?» አልኳቸው፣ ሰላምታውን ሳልጨርስ።

«ኧረ መጀመሪያ የኛን ደኅንነት ጠይቅ። ዱላህ ደኅና ናት፤ ፍየሎቹን ስትመልስልኝ ከረመች።»

ዳሱ ሥር ገባን። ይመር የሜትሩን ጫፍ ወራጁ መጨረሻ ላይ ያዘ፤ እኔ እየዘረጋሁ ወደ ሌላው ጫፍ ሄድኩ። ቁጥሩን ወዲያው አላየሁትም፤ ጣቴን አስቀምጬ ትንፋሼን ሰበሰብኩ። አራት ሜትር ከሠላሳ አንድ።

«አልሐምዱሊላህ» አልኩና እንጨቱ ላይ ተቀመጥኩ።

ከዚያ ተነሥቼ ሁለተኛውን ለካሁ። ሦስተኛውን። ዐሥራ አንደኛው ላይ ይመር የሜትሩን ጫፍ ጣለው። «ሁሉም በአንድ ዱላ የተቆረጠ ነው፤ አርባ ሁለቱንም ልትለካ ነው?»

አርባ ሁለቱንም ለካሁ። ትልቁና ትንሹ ቢለያዩ በአንድ ጣት ውፍረት ነው። ይህ ደግሞ ያለ ሜትር በሃያ አራት ዓመት ልጅ እጅ የተቆረጠ መሆኑ ይመዝገብልኝ።

እትዬ ዘሐራ በቆሏቸውን ትተው መጥተው ያዩን ነበር። «እንጨቱን እንደ ሬሳ የምትለኩት ምን ጎድሎ ነው?»

«ምንም አልጎደለም፣ እትዬ። የጎደለ መስሎኝ ነበር።»

«ለምን ይጎድላል? የአበጋዝ ዱላ አይደለችም እንዴ?» አሉ፣ እንደ ሞኝ እያዩኝ። «እሱ እኮ ተቀምጦ እኛ ቆመን የምናክለው ሰው ነበር። የሱ ክንድ ከማን ክንድ ያንሳል?»

እኔና ይመር ተያየን። ለሁለት ሳምንት ያስጨነቀኝን፣ ኮሌጅ ድረስ ሄጄ በሥርና በማካፈል ያገኘሁትን ነገር እትዬ ዘሐራ ፍየል እየመለሱ ያውቁት ኖሯል። አንቱ ቢነግሩኝ ኖሮ አልኳቸው። «መች ጠየቅኸኝ» አሉና እሸት ሊጠብሱልን ገቡ። ያን ቀን የበላሁትን ያህል በቆሎ ከዚያ ወዲህ በልቼ አላውቅም።

ከሠላሳ አንድ ተማሪዎች ሁለተኛ ወጣሁ። አንደኛ የወጣውን ሰው ስም መጥቀስ ለዚህ ታሪክ አስፈላጊ አይደለም፤ ግንበኛ ነበር። ጣሪያው በመስከረም ተከደነ። የመጀመሪያው ዝናብ ሲመጣ ልጆቹ ከልማድ የተነሣ ተነሥተው ሮጡ አሉ፤ አስተማሪው በር ላይ ቆሞ ነው የመለሳቸው። ቆርቆሮው ሁለት ጊዜ ተቀይሯል፤ ወራጆቹ እነዚያው ናቸው። ከተረፈው እንጨት የእትዬ ዘሐራንም ቤት አደስን።

ይህን ሁሉ ለሐያት ስነግራት ማንጎው ሳህኑ ላይ ጠቆረ። ስጨርስ ተነሥታ፣ ወንበር ላይ ቆማ ከበሩ በላይ ከተሰቀለችበት ዱላዋን አወረደችና ማስመሪያዋን እያሸጋገረች ለካቻት። «አንድ መቶ ሰባት ከምናምን» አለች። ለሁለት አካፈለችው። ከዚያ ሳትጠይቀኝ እጄን ይዛ ክንዴን ዘረጋችው።

«አርባ ዘጠኝ። ክንድህ ከዱላዋ ያጥራል፣ አባባ።»

«ያኔም አርባ ዘጠኝ ነበር» አልኳት።

በሕይወቴ የሠራሁትን ሁሉ በዚያች ዱላ ለክቼ ነው የሠራሁት፤ የሠራሁት ሁሉ ደግሞ ቆሟል። ማንም አላስተማረኝም እያልኩ ኖሬያለሁ፤ አብዛኛው እውነት ነው። ግን ያ ሁሉ ቤት የእኔ ባልሆነ ክንድ የተለካ መሆኑን ለልጅ ልጄ መንገር ያሳፍረኛል ብዬ ነበር። ስነግራት ቀለለኝ እንጂ አላፈርኩም።

«ታዲያ ፈተናው ላይ ምን ልመልስ?» አለችኝ።

«ሃምሳ በይ። የሚፈልጉት እሱን ነው። ሥራ ላይ ስትሄጂ ግን የማን ብለሽ ጠይቂ።»

ዱላዋን መልሳ ለመስቀልም ወንበሩ አስፈለጋት። በራችን ከፍ ያለ ነው፤ ሰው ሁሉ ይገረምበታል፣ እኔንም አጭር ያስመስለኛል ይላሉ። ይህን ቤት ስሠራ ጋሽ አበጋዝ ከሞተ ስድስት ዓመት አልፎት ነበር። በሩን በእሱ ዱላ አራት ክንድ አድርጌ ለካሁት፤ እሱን የሚያክል ሰው ቢመጣ ሳያጎነብስ እንዲገባ ነው። እስካሁን አልመጣም። በሩን ግን ዝቅ አላደርገውም።